የተቃጠለ አምፖል የሚበራበት ክፍል

ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ቆይቷል። ልጄ ሩት ደግሞ «ሐኪም ቤት እንሂድ» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከዚያ በላይ ቆይታለች። ባለፈው ሳምንት ጉልበቴና ልጄ አብረው መከሩብኝና፣ እዚሁ አዳማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ በባጃጅ ተወሰድኩ። ለጉልበት በሽተኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክሊኒክ የከፈተ ሰው ምን እያሰበ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ። ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ ከማርጀቱ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ጉልበት ሳሽ የኖርኩ ሴት፣ በየደረጃው እየተቀመጥኩ፣ የልጄን ትከሻ ተደግፌ ወጣሁ።

ውስጡ ግን ያምራል። ግድግዳው ነጭ፣ መጋረጃው ሰማያዊ፣ ቀዝቃዛ አየር ከላይ ይነፋል። ሩት በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አንዲት ልጅ እግር ቴራፒስት ጉልበቴን ግራና ቀኝ በሁለት ጠፍጣፋ ነገር አቅፋ አሰረችና ቁልፍ ተጫነች። ወዲያው የሞቀ ጎማ ሽታ መጣ። ሌሎች ሴቶች ወጣትነታቸውን በሽቶ ያስታውሱታል፣ እኔ በጎማ። ልጅቷ ቁልፉን እንደተጫነች ፈጠን ፈጠን ብላ ወደ ኋላ ሄደችና፣ ወለሉ ላይ ከተለጠፈ ቢጫ መስመር ወዲያ ቆመች።

«ምነው ልጄ፣ ሸሸሽኝ?» አልኳት።

«አይ እማማ፣ ማሽኑ ሲሠራ እኛ ከዚህ መስመር ወዲያ ነው የምንቆመው። ደንብ ነው። እርስዎን ሃያ ደቂቃ ነው የሚያገኝዎት፤ እኛ ግን ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነን።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ይህን መስመር፣ አንቺ ሳትወለጂ፣ በጄሶ ያሰመሩ ሰው አውቅ ነበር» አልኳት። እማማ መጃጀት ጀምረዋል ያለች መሰለኝ፣ ፈገግ ብላ ስልኳን ማየት ያዘች። እኔም ሃያ ደቂቃ ስለተሰጠኝ ጣሪያውን እያየሁ ወደ ናዝሬት ሄድኩ።

ያን ጊዜ ከተማዋን ናዝሬት ነበር የምንላት። ባጃጅ የሚባል ነገር የለም፤ ጋሪ ነው። ከባቡር ጣቢያው እኔ እስከምሠራበት ክሊኒክ በስሙኒ ይኬዳል፤ ባለጋሪው ፈረሱን በኦሮምኛ ይሰድባል፣ ተሳፋሪውን በአማርኛ ያሞግሳል። አቧራውን አንስቶ ጥርስ መሀል የሚያስገባው ንፋስ ግን ዛሬም ያው ነው፤ መንግሥት ሲለዋወጥ እሱ አልተለወጠም። ወንዶቹ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪያቸውን ሳጥን ውስጥ ከተው ካኪ መልበስ የጀመሩበት ጊዜ ነበር። እኔ አንዲት አበባ ያለባት የናይለን ቀሚስ ነበረችኝ፤ ላቧ አይጣል ነው፣ ለቆላ አገር የምትሆን አይደለችም፣ ግን እሷን ካልለበስኩ እሑድ የሆነ አይመስለኝም። ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥራ አምስት ይሸጣል። ባለቤቱ በቴፑ የፍቅር ዘፈን ይከፍታል፤ የቀበሌ ሰው ሲገባ ካሴቱን ገልብጦ የሰልፍ ዘፈን ያደርገዋል። ሁለቱንም በአንድ ካሴት ያስቀዳው አስቦበት ነው። የሰልፉ ዘፈን ሲጀምር ደንበኛው ሁሉ ወሬውን ትቶ ስለ ዝናብ ያወራል። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ተረት በዚያ ዘመን ብዙ ሰው አኑሯል። እኛ ጴንጤዎች ደግሞ ጸሎት ቤታችን ታሽጎብን ስለነበር፣ እሑድ እሑድ ልደት እንደሚያከብር ሰው ኬክ ይዘን በየቤቱ እየዞርን ነበር የምንጸልየው። ለስንት ልጅ ስንት ጊዜ ልደት እንዳከበርን ብነግራችሁ አታምኑም፤ እኔና ባለቤቴ ግርማ ደግሞ ልጅ እንኳ አልነበረንም።

ክሊኒካችን የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት ነው። ፊዚዮቴራፒ የሚለው ቃል ለአፍ ስለሚከብድ ሰዉ «የመንግሥት ወጌሻ ቤት» ይለን ነበር። ጦርነት ስለነበር ቁስለኛ ወታደር ይመጣል፤ ክራንቹን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ አንድ እግሩን ከፊት ልኮ። ወገቡ የተቆለፈበት የወንጂ አገዳ ቆራጭ ይመጣል፣ የመቂ የቲማቲም ሣጥን ጫኝ ይመጣል፣ ከደራ ደግሞ ገበሬው ገበያ ውሎ በዚያው ትከሻውን ሊያሳይ ይመጣል። እኔ ኮርስ ወስጄ የገባሁ ረዳት ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ ጋሽ ገመቹ የደራ ሰው ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ የጦር ሠራዊት ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ የነበሩ፣ ረጅም፣ ጉንጫቸው ላይ የጥይት ጠባሳ ያለባቸው፣ ባርኔጣቸውን ለመተኛት እንኳ የሚያወልቁ የማይመስሉ ሰው። ስማቸውን እንደ ሰው ሁሉ «ጋሽ» ብዬ እጠራለሁ፣ እሳቸው «አስቱ» ወይም በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» ካላሉኝ ቀኑ አልነጋልኝም።

ማሽኑ የመጣው ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ነው። ግራጫ ነው፣ ቁም ሣጥን ያህላል፤ ሁለት እጆች አሉት፣ በእጆቹ ጫፍ ሁለት ጥቁር ክብ ነገሮች። ክቦቹ መሀል ወገብ ወይም ትከሻ ሲገባ እሳት ሳይነድ፣ ቆዳው ሳይቀላ፣ ሰውየው ከውስጥ ይሞቃል። ስሙ መጽሐፉ ላይ አለ፤ መጽሐፉ ግን በጀርመንኛ ስለነበር «ምድጃው» አልነው። በሽተኛ ሲመጣ ጋሽ ገመቹ ሰዓቱን፣ ቀበቶውን፣ የኪሱን ሳንቲም ያስወልቁታል። ወታደር ከሆነ ደግሞ «ውስጥህ ስብርባሪ ብረት አለ?» ብለው ይጠይቁታል፤ ካለው አያስገቡትም። ምድጃው ዓመት ሳይሞላው ሰዓት ቆጣሪው ተበላሸ፤ በራሱ መጥፋት ተወ። ቆይቶ የአንዱ እጅ ብሎን ላላና ክቡ እየወደቀ አስቸገረ። ስለዚህ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ክቡን ደግፎ፣ ሌላውን እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ የግድግዳ ሰዓት ማየት ነበረበት። ለዚህ ሥራ የተመደብኩት እኔ ነኝ። እጅሽ አይንቀጠቀጥም ተባልኩ። ለአንድ በሽተኛ ሃያ ደቂቃ፣ በቀን አሥርም አሥራ ሁለትም በሽተኛ። ሙቀቱ ክርኔ ድረስ ይሰማኛል፤ ደስ የሚል ሙቀት ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ሠራተኛው ራሱ ወገቡን ሲያመው ከሥራ በኋላ እየመጣ «አስቱ፣ ትንሽ አሙቂኝ» ይለኝ ነበር።

አሁን ስለ አምፖሉ ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት ምድጃው መሥራቱን የምናውቀው በተቃጠለ አምፖል ነው። ረጅሙ፣ ነጩ፣ ፍሎረሰንት የሚባለው። የተቃጠለውን አንድ ቀን አንዱ ኤሌክትሪሻን ማሽኑ ጎን ይዞት ሲያልፍ፣ ሽቦ ሳይነካው፣ እጁ ላይ ቦግ አለ። ከዚያ ወዲህ አምፖሉ የክሊኒኩ ንብረት ሆነ። ጠዋት ምድጃውን እንከፍታለን፣ አምፖሉን እናስጠጋለን፤ ከበራ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ገበሬው ያማትባል፣ የመቂው ጫኝ «ቢስሚላህ» ይላል፣ ወታደሩ እንኳ አፉን ይከፍታል። መጀመሪያ ላይ የሚበራው ክንድ ያህል ሲጠጋ ብቻ ነበር። በኋላ የገመዶቹ ጎማ እየተሰነጠቀ ሲሄድ አምፖሉ ከሩቅ መብራት ጀመረ፤ ከአልጋው ማዶ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ከበሩ አጠገብ። እኛ ምን አልን መሰላችሁ? «ማሽኑ እየጎለበተ ነው» አልን። እየፈሰሰ መሆኑን ያሰበ አልነበረም። የሚያፈስ ባልዲ ይዞ «ውሃዬ በዝቶ መንገዱን አራሰው» ብሎ እንደሚኮራ ሰው ነበርን።

ኩራቱ የበረታው በኃላፊያችን በጓድ ታምራት ነው። ታምራት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ስል ዛሬም የሚቆጡኝ አሉ። ወጣት ነበር፣ ካኪው በካውያ የተተኮሰ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሚደረድር። አንድ አመል ግን ነበረው። ቅሬታ ያቀረበ ሰው የቅሬታው ኃላፊ ይሆናል። «ችግሩን ያየ ሰው መፍትሔውም እሱ ዘንድ ነው» ይላል። ሽንት ቤቱ ሸተተ ያለችው የጽዳት ኮሚቴ ሆነች። ሻዩ ቀጠነ ያለው ሻይ አፍይ ተብሎ ወር ሙሉ አፈላ። ይባስ ብሎ አንዲት ባልደረባችን አይጥ ስለምፈራ ከመጋዘን ሥራ አውጡኝ ብትል፣ «ፍርሃት በሥራ ይድናል» ተብላ የመጋዘኑ ቁልፍ ተሰጣት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የተባለው ለእኛ ክሊኒክ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ማንም ምንም አይልም፤ ታምራትም ቅሬታ የሌለበት ክሊኒክ አለኝ ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

ምድጃው አጠገብ በቆምኩባቸው ሁለት ዓመታት ሁለት ጊዜ አስወረደኝ። አንዱ በሦስት ወሩ፣ አንዱ በአራት። ሁለቱንም ጊዜ ሐሙስ ተኝቼ ሰኞ ሥራ ገብቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ግርማ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ ጫማውን ደጋግሞ ይቦርሻል፤ የሱ ለቅሶ እሱ ነበር። ማሽኑ ነው አላልኩም፤ ዛሬም አልልም። በኋላ የጠየቅኋቸው ሐኪሞች ሁሉ «ማሽን አይታ የማታውቅ ሴትም ያስወርዳታል፤ ነው ማለትም አይደለም ማለትም አይቻልም» ነው ያሉኝ። እኔ የማውቀው ሦስተኛውን ስፀንስ በጣም መፍራቴን ነው። እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነበር የምራመደው። ይህኛውም ከሄደ ሌላ የምሞክርበት ልብ አልነበረኝም።

በዚህ መሀል የአብዮት በዓል ደረሰና ከአውራጃ እንግዶች መጡ። ታምራት ቴክኖሎጂያችንን ማሳየት አለብን አለ። ምድጃው ተከፈተ፣ እኔ ነጭ ጋውን ለብሼ አምፖሉን ያዝኩ፣ ከማሽኑ ተነስቼ ቀስ እያልኩ ወደ በሩ ሄድኩ። መጋረጃው ተዘግቶ ስለነበር ክፍሉ ጨለም ብሏል። አምፖሉ እጄ ላይ ይበራል፤ አልጋው ጋ ይበራል፣ መስኮቱ ጋ ይበራል፣ በሩ ጋ ስደርስም ይበራል። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔ አምፖሉን ሆዴ ላይ አስጠግቼ፣ እንደ ሙሽራ አበባ ይዤው፣ ፈገግ ብያለሁ። ያላጨበጨቡት ጋሽ ገመቹ ብቻ ናቸው። አምፖሉን አላዩም፤ የሚያዩት ሆዴን ነበር።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስንት ወርሽ ነው?» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?» አልኩ ደንግጬ። ከግርማ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«የአምስት ልጆች አባት ነኝ፣ ማን ይነግረኛል? ስንት ነው?»

«ሦስት ሊሆን ነው።»

«ያለፉት ሁለቱስ?»

ሁለቱን እንደሚያውቁ አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ፤ ወሩን ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

«እኔ እንግዲህ ጀርመንኛ አላውቅም» አሉ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። አምፖሉ የተቃጠለ ነው አይደል? ሽቦም የለውም። መብራቱን ከየት ያመጣዋል?»

«ከማሽኑ።»

«በየት በኩል አድርጎ?»

«በአየር ነዋ።»

«አንቺ የት ነው የምትቆሚው?»

«ማሽኑ አጠገብ።»

«ታዲያ ያ አምፖሉን የሚያበራው ነገር አንቺ ጋ ሲደርስ፣ ይቅርታ እህቴ ብሎ ዞሮሽ ነው የሚያልፈው?»

ሁለት ዓመት አምፖሉ ሲበራ አይቻለሁ፣ ይህን ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። «ነገ ለጓድ ታምራት እነግረዋለሁ፣ ከዚያ ክፍል ያውጣኝ» አልኩ።

«እንዳትሞክሪ! ፈራሁ ካልሽማ እስከ ጡረታሽ እዚያው ነሽ፤ አመሉን አታውቂውም? ደግሞ ጴንጤ ነሽ። ለቁስለኛ የመጣን ማሽን እምቢ አለች ብሎ ሌላ ስም ይሰጥሻል።» ከዚያ ተነሱና ቁልቁል አዩኝ። «ሂን ሶዳቲን። አትፍሪ። የሚፈራ ሰው እኔ እፈልግልሻለሁ።»

የመጨረሻው ቃላቸው አልገባኝም ነበር።

በሽተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ እኔን ኒም ዛፉ ሥር አስቀምጠው ገቡ። በተከፈተው በር አያቸዋለሁ። ምድጃውን ከፈቱ፣ አምፖሉን ይዘው የኋሊት መሄድ ጀመሩ። አልጋው ጋ ይበራል፣ በሩ ጋ ይበራል። ከደጃፉ አንድ ጫማ ያህል አልፈው ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ አምፖሉ ጠፋ። እዚያው ላይ ጎንበስ አሉና ስብራት በምናስርበት ጄሶ ወለሉ ላይ መስመር አሰመሩ። አምፖሉ ጠፋ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት እንዳልሆነ ዛሬ አውቃለሁ። በዚያ ዘመን በናዝሬት ከተማ ግን ከዚያ የተሻለ መለኪያ ያለው ሰው የነበረ አይመስለኝም። ጠዋት ታምራት መስመሩን አየና «ይህን ያሰመረው ማነው?» አለ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ዓርብ ስብሰባ ላይ ያስረዱናል» ብሏቸው ሄደ። እኔ እስከ ዓርብ ድረስ እህል አልቀመስኩም።

ዓርብ የሂስና ግለ ሂስ ቀን ነው። አዳራሽ የምንለው የክራንች መለማመጃው ክፍል ነበር፤ አግዳሚ ወንበር ደርድረን እንቀመጣለን። ጋሽ ገመቹ ሳይጠሩ ተነሱ። ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ጓዶች፣ ግለ ሂስ አቀርባለሁ» አሉ። «እኔ ያንን ምድጃ እፈራዋለሁ።»

ከኋላ አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። ጠባሳቸውን ሁሉም ያውቀዋል። ቁስለኛ ከተኩስ መሀል በጀርባቸው አዝለው አወጡ እየተባለ የሚወራላቸው ሰው ናቸው።

«ምኑን ነው የሚፈሩት፣ ጓድ ገመቹ?» አለ ታምራት።

«እኔ እንጃ። ያለ ሽቦ መብራት የሚያበራ ነገር ደስ አይለኝም። ያሰመርኩትም ለራሴ ነው፤ ሳላውቅ እንዳላልፍ። ሌሊት በሕልሜ ይመጣብኛል። እባካችሁ በዚያ ክፍል አጠገብ እንኳ አታሳልፉኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ታምራት አልሳቀም። ዞሮ እኔን አየኝ። «ጓድ አስቴር፣ ተነሺ እስቲ። አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቆመሻል። ምን ሆነሻል?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ገመቹ ብቻ ወለሉን ያያሉ። የሆንኩትን ባውቅም ባላውቅም፣ ሁለት ልጆች ሆድ ሆዴን እየረገጡ ተነሱብኝ።

«ምንም አልሆንኩም» አልኩ። አልኩና ሳቅኩ። ሰዉም አብሮኝ ሳቀ።

ከዚያ ቃል የበለጠ የሚያሳፍረኝ ነገር በሕይወቴ የለም። በሁለት ቃል ሁለት ልጆቼን ካድኩ፤ በአንድ ሳቅ ደግሞ ስለ እኔ ብለው የተዋረዱትን ሰው።

ታምራት እስክሪብቶውን አወጣ። «ፍርሃት ካለማወቅ ይመጣል፤ በሥራ ይድናል። ከሰኞ ጀምሮ ጓድ ገመቹ ምድጃው ላይ ይቆማሉ። የሰዓት ቆጣሪው መለዋወጫ እስኪመጣ ድረስ። ጓድ አስቴር ክራንች ክፍል ትግባ።»

«ኧረ ስለ ፈጠራችሁ!» አሉ ጋሽ ገመቹ። እጃቸውን ዘርግተው ለመኑ፣ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ሰዉ እንደገና ሳቀ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ደፍተው ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። ፊታቸው ላይ የፍርሃት ምልክት እንኳ አልነበረም። ያኔ ነው የገባኝ፤ የሚፈራ ሰው እፈልግልሻለሁ ያሉት።

መለዋወጫው መንግሥት እስኪለወጥ አልመጣም። ጋሽ ገመቹ ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ቆሙ። ስማቸውም «ፈሪው» ሆኖ ቀረ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሳይቀር «ፈሪው፣ ሻይ ልጨምር?» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም ስቀው ያስጨምራሉ። እኔ ክራንች ክፍል ሆኜ እሰማለሁ፤ ዝም እላለሁ። እውነቱን ብናገር ታምራት መልሶ ምድጃው ጋ ያስገባኛል። ሩት በመጋቢት ተወለደች፣ በሰላም፣ በጤና፣ እየጮኸች። ጋሽ ገመቹ ከደራ ሁለት ዶሮና አንድ ጠርሙስ ማር ይዘው መጡ፣ አገላብጠው አይተዋት «አፏስ ጤነኛ ነው» ብለው ሄዱ። ሌላ ቃል አልተናገርንም። ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ጋሽ ገመቹ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮክ ብለው «አስቱ፣ መስመሩን አልፈሽ እንዳትመጪ፣ እኔ እንኳ የምፈራውን» ይሉኝ ጀመር። ሰዉ ይስቃል። መስመሩ እግር እየደመሰሰው ሲደበዝዝ በየጊዜው በአዲስ ጄሶ ያድሱት ነበር።

መንግሥት ተለወጠ፣ ናዝሬትም አዳማ የሚለው ስሟ ተመለሰላት፣ ጸሎት ቤታችን ተከፈተና ልደት ማክበሩን ተውን። ምድጃው ጓሮ ተጣለና ዶሮ እንቁላል ይጥልበት ጀመር። ጋሽ ገመቹ ጡረታ ወጥተው ደራ ገቡ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል ሲባል ሰማሁና፣ ሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ይዣት ሄድኩ። እሷ ከቤቱ ልጆች ጋር ጓሮ ስትገባ እኔ እግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዓይንዎ በማሽኑ ነው?» አልኳቸው።

«ሰባ ዓመት ያየ ዓይን ቢደክመው ማሽን ይከሰሳል?» አሉኝ። «ማን ያውቃል፣ ኢንተላ ኮ። እኔ አላውቅም።»

ሳልዘጋጅበት ከአፌ ወጣ። «ያን ቀን ሳቅኩብዎ። ምንም አልሆንኩም ብዬ ሳቅኩብዎ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሞራ የጋረደው ዓይናቸው ወደ ድምፄ ዞረ። «ባትስቂ ኖሮ ታምራት ይነቃብን ነበር» አሉ። «እኔ ያን ቀን ከልቤ የፈራሁት አንድ ነገር ነው። እንዳታለቅሺ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ቀብራቸው ላይ ከክሊኒኩ የመጣ አንድ አዛውንት «ፈሪው እንኳ አረፈ» ሲል ሰማሁት። ክፋት አልነበረበትም፤ ስማቸው እሱ ስለሆነ ነው። ዞሬ እውነቱን ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ለቅሶ ነው ብዬ ተውኩት። ለሩትም አልነገርኳት። ለእሷ ጋሽ ገመቹ ማር የሚያመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ ሌላ አታውቅም።

ይህን ሁሉ ሳስብ እንባዬ ጆሮዬ ድረስ ወርዶ ኖሯል። ቴራፒስቷ ደንግጣ ሩትን ጠራቻት። ሩት ቦርሳዋን ጥላ፣ ቢጫውን መስመር ረግጣ፣ እየሮጠች መጥታ እጄን ያዘች። አርባ ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት፣ ግን ስትደነግጥ ፊቷ ያው የሕፃን ፊት ነው።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም» ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ቃል ግን አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ይበቃኛል።

«ውጪ ከዚህ!» አልኳት።

«እማዬ፣ አንድ ደቂቃ…»

«መስመሩን ተሻገሪ፣ ሩት! ከዚያ እነግርሻለሁ።»

እጄን ለቃ ግራ እየተጋባች የኋሊት ሄደች። ቢጫው መስመር ጋ ደርሳ ቆመች። የጋሽ ገመቹ መስመር ግን ከደጃፉ ውጪ ነበር። «ገና ነሽ» አልኳት። በሩን አልፋ ኮሪደሩ ላይ ስትቆም፣ ማሽኑ እየሠራ፣ ጉልበቴ እየሞቀ፣ እንዲሰማት ጮክ ብዬ «ከአንቺ በፊት ሁለት ነበሩ» ብዬ ጀመርኩላት።